ያልሻረ ቁስልና የተለወጠ ምልክት፦ የቆዳ ካንሰርን በወጣትነት ዕድሜ ቀድሞ ስለ ማወቅ



በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ በሚገኙ አጥቢያዎች ስለ ጤና ትምህርት ሲሰጥ ዘወትር የሚነሡት ወባ፣ የዓይን ማዝ፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና፣ እንዲሁም የእግር እብጠት ናቸው። ብዙ ሰው የሚጎዱት እነርሱ በመሆናቸው ይህ ተገቢ ነው። የቆዳ ካንሰር ግን የሚይዛቸው ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ከትምህርቱ ይቀራል፤ በመቅረቱም ምክንያት እነዚያ ጥቂቶች፣ አንዳንዶቹም ገና ወጣቶች ሆነው ሳለ፣ ወደ ሐኪም የሚደርሱት ጆሯቸው ወይም የዓይናቸው ሽፋን ከተበላ በኋላ ይሆናል። ቁስሉ የምስር ፍሬ በሚያህልበት ጊዜ አጠገቡ ያለው ሰው የንስሐ አባት፣ የአብነት መምህር ወይም ጎረቤት ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀውም ለእነርሱ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል በአነጋገራችን ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ይሸከማል። የሳንባ ነቀርሳ ስንል በትንፋሽ የሚተላለፈውን ቲቢን ማለታችን ነው፤ ስለ ቆዳና ስለ ጡት ነቀርሳ ስንናገር ግን ካንሰርን ማለታችን ነው። ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ መሶብ መብላት፣ በአንድ ጽዋ መጠጣት፣ መስቀል ማሳለም አያስተላልፈውም። ቃሉ አንድ ስለሆነ ብቻ ቁስለኛውን ከማኅበር ያገለሉ ሰዎች ቢኖሩ በእነርሱ ብቻ የሚፈረድ አይደለም፤ ማስተማር የነበረብን እኛ ነን። ከዚህ በኋላ ግልጽ እንዲሆን «ካንሰር» እንላለን።

ቆዳችን ቀለሙን የሚያገኘው ሜላኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህን ንጥረ ነገር የሚሠሩት ሜላኖሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ እነርሱ ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ ሲባዙ ሜላኖማ የተባለው ካንሰር ይፈጠራል። ሜላኖማ ከሌሎቹ የቆዳ ካንሰሮች ይልቅ ወደ ውስጥ አካል ቶሎ የሚሠራጭ ነው። በአውሮፓና በአውስትራሊያ በሚኖሩ ነጭ ቆዳ ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ ወጣቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ ፊትም ላይ ይወጣል። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ባለው ሰው ግን ሜላኒኑ ራሱ እንደ ጥላ ሆኖ የፀሐይን ጨረር ስለሚከለክል የፊት ሜላኖማ ብዙ አያጋጥምም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ምእመናንን ያለ ምክንያት ማስፈራት አይገባምና። በጉንጭና በዓይን ዙሪያ እንደ ጤፍ ፍሬ ተበትነው የሚታዩ፣ በዘር የሚወረሱ ጥቃቅን ጥቁር አበጦች ካንሰር አይደሉም፤ ሕክምናም አይሹም። ከልደት ጀምሮ ያለና ከሰውየው ጋር አብሮ ያደገ፣ በአገራችን «ማርያም የሳመችው» የምንለው ምልክትም እንዲሁ አያስፈራም።

የሚያሳስበው ምልክቱ ሲለወጥ ነው። አንድ ጥቁር ነጥብ ሰው ካደገ በኋላ አዲስ ሆኖ ከወጣ፣ ወይም የነበረው ምልክት በወራት ውስጥ ካደገ፣ ግማሹ ከግማሹ ጋር የማይመሳሰል ከሆነ፣ ጠርዙ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ከተዘበራረቀ፣ በአንድ ምልክት ላይ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ከተደባለቀ፣ ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ከደማ ወይም ካበጠ፣ ለባለ ሙያ መታየት አለበት። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ማስታወስ የሚችል ሰው መለወጡን ያስታውስ። ሜላኖማ ውፍረቱ ገና ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሳለ ተቆርጦ ቢወጣ አብዛኛዎቹ ሕመምተኞች ይድናሉ፤ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አንጎል ከደረሰ በኋላ ግን ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው። በወራት መዘግየት የሚፈጠረው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

እንግዲህ በእኛ ሕዝብ ዘንድ ሜላኖማ የት ይወጣል? በአብዛኛው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። እነዚህ ቦታዎች በጥቁር ሰውም ቢሆን ሜላኒናቸው አነስተኛ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ሜላኖማ ግን ከፀሐይ ጋር ያለው ግንኙነት ብዙም አይደለም። ገበሬው «እሾህ ወግቶኝ ነው»፣ «ድንጋይ መትቶኝ ነው» ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው፤ እግሩ በእሾህና በድንጋይ ላይ የሚውል ነውና። ነገር ግን የእሾህ ቁስል ይሽራል። በጣት ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር መኖሩ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ በብዙ ጥፍሮች ላይ ካለና ለዓመታት ካልተለወጠ አያሳስብም። በአንድ ጥፍር ብቻ፣ በተለይ በአውራ ጣት፣ አዲስ የወጣና እየሰፋ የሚሄድ፣ ጥቁረቱም ከጥፍሩ አልፎ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ የሚፈስ ከሆነ ግን መታየት አለበት።

የዚህን ዓይነት ሜላኖማ ታሪክ ዓለም የሚያውቀው በአንድ ወጣት ሰው ነው። ጃማይካዊው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1977 በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ እንዳለበት ታወቀ። ጉዳቱ በእግር ኳስ ጨዋታ የደረሰ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ጣቱ እንዲቆረጥ ሐኪሞች ቢመክሩትም አልተቀበለም፤ ጥፍሩና በሥሩ ያለው ሥጋ ብቻ ተነሥቶ ቦታው ከሌላ ክፍል በተወሰደ ቆዳ ተሸፈነ። በሽታው በሰውነቱ ውስጥ ተሠራጭቶ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ከማረፉ ጥቂት ወራት አስቀድሞ በብፁዕ አቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ስለነበር የስንብት ጸሎቱ በኪንግስተን በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ተፈጽሟል። በገንዘብ ያልተቸገረ፣ ሐኪም ያላጣ ሰው ነበር።

ያለ ሜላኒን የተወለዱ ወገኖቻችን

በወጣቶች ፊት ላይ ስለሚወጣ ካንሰር ስንነጋገር በአጥቢያችን ከሁሉ በፊት ልናስባቸው የሚገቡት አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖች ናቸው። በእነርሱ ላይ በብዛት የሚወጣው ሜላኖማ አይደለም፤ ከቆዳው የላይኛ ሽፋን ሕዋሳት የሚነሣ ሌላ ካንሰር ነው። ሜላኖማ ሲይዛቸውም ጥቁር ላይሆን፣ ቀላ ያለ ወይም የቆዳ ቀለም ያለው እብጠት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ጥበቃ ካልተደረገላቸው በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ አስቀድሞ ሊታመሙ ይችላሉ።

ሊቃውንቱ እንደሚያውቁት በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 106 የኖኅ ልደት ሲተረክ ሕፃኑ በቆዳውና በጠጉሩ ንጣት ከሌሎች ሕፃናት የተለየ ሆኖ ይገኛል፤ አባቱ ላሜህም ይደነግጣል፣ ልጁ ከእርሱ መሆኑን ይጠራጠራል፣ ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ ይሄዳል። ማቱሳላ ደግሞ ወደ ሄኖክ ይሄድና ልጁ በእውነት የላሜህ ልጅ ስለ መሆኑ ማረጋገጫ ይዞ ይመለሳል። መጽሐፉ ስለ አልቢኒዝም ይናገራል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ያ የላሜህ ድንጋጤ ዛሬም በየቤቱ አለ፤ ነጭ ልጅ የወለደች እናት በባሏና በአማቶቿ ዘንድ ትጠረጠራለች፣ ትዳርም ይፈርሳል። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ አልቢኒዝም በዘር የሚተላለፈው ከአባትም ከእናትም እኩል ነው። ሁለቱም ወላጆች መልካቸው እንደ ማንኛውም ሰው ሆኖ ምልክቱን በውስጣቸው ይሸከማሉ፤ እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት በእያንዳንዱ እርግዝና አልቢኒዝም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። እርግማንም፣ የእናት ኃጢአትም አይደለም። ይህን ከአንድ የንስሐ አባት አፍ የሰማ ባል ከአሥር የጤና ሠራተኞች ከሚሰማው ይልቅ ያምናል ብለን እናስባለን።

አሁን ወደ ፀሐዩ እንመለስ። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ ደጋማ ከተሞች ናቸው። በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የጨረሩ ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ በአናታችን ትክክል ታልፋለች። የደጋው አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ያታልላል፤ ሙቀትና ጨረር አንድ አይደሉም። ደመናም ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፤ በክረምት አረም ሲያርም የዋለ አልቢኒዝም ያለበት ወጣት ማታ ፊቱ ተቃጥሎ የሚገባው ለዚህ ነው።

ጉዳቱ በአንድ ቀን አይመጣም። በልጅነት ፊቱ በተደጋጋሚ ይቀላል፣ ይላጣል። በኋላ በአፍንጫ፣ በጆሮ ጫፍ፣ በጉንጭና በአንገት ላይ እንደ አሸዋ የሚሻክር ደረቅ ቅርፊት ይወጣል፤ የታችኛው ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አይሽርም። እዚህ ላይ ከታየ ሕክምናው ቀላል ነው፤ በብርድ ሊቃጠል ወይም በቅባት ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ ከቅርፊቱ አንዱ ይወፍራል፣ ይደማል፣ ይቆስላል፤ ካንሰር ሆኗል ማለት ነው። በዚህም ጊዜ ቢሆን በአካባቢ ማደንዘዣ በሚደረግ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል። ከዘገየ ግን ወደ ዓይን ጉድጓድና ወደ አጥንት ይዘልቃል፣ በአንገት ዕጢዎችም ይሠራጫል። በጊዜ ያወቁት ሰው ትንሽ ጠባሳ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የዘገየው ፊቱን ሸፍኖ ይኖራል።

መከላከያው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ዙሪያውን ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ (ከፊት ብቻ ጥላ ያለው ቆብ ጆሮንና ማጅራትን አይሸፍንም)፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ወፈር ያለ ልብስ፣ ጃንጥላ። ስስ ነጠላ ፀሐይን በከፊል ያሳልፋል፤ ጋቢ ይሻላል። ጥምጣምም ቢሆን ራስን እንጂ አፍንጫንና የታች ከንፈርን አይጠብቅም፤ አልቢኒዝም ላለበት ዲያቆን ወይም ካህን ይህን ማወቅ ይበጃል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት በትልልቅ ከተሞች መድኃኒት ቤቶች ይገኛል፣ ዋጋው ግን ለገበሬ ቤተ ሰብ ከባድ ነው፤ በታንዛንያ ሞሺ ከተማ የሚገኘው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ማዕከል ኪሊሰን የተባለ ቅባት በአገር ውስጥ አዘጋጅቶ አልቢኒዝም ላለባቸው ማዳረስ ችሏል፣ በእኛም አገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ብርቱው ፀሐይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ነው። አባቶቻችን ሰዓትን በጥላቸው ርዝመት በጫማ ይለኩ ነበርና ለልጆች በዚያው መንገድ ማስተማር ይቻላል፦ ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ከፀሐይ ግባ።

የአብነት ተማሪዎችን በተመለከተ አንድ ነገር እናክል። ዲማ ጊዮርጊስን የመሰሉ የትምህርት ገዳማት ባሉበት አገር ከሩቅ የሚመጡ ወጣቶች ከቤተ ሰባቸው ተለይተው ይኖራሉ፤ ፊታቸው ላይ የወጣውን የሚያይላቸው እናት አጠገባቸው የለችም። አልቢኒዝም ያለበት ተማሪ ደግሞ ዓይኑም ደካማ ስለሆነ ፊደሉን አስጠግቶ ያነባል፤ ስንፍና መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። መምህሩ በጥላ ሥር፣ ለመጽሐፉ ቅርብ በሆነ ቦታ ቢያስቀምጠው፣ እንጨት ለቀማና ውኃ ቀድቶ ማምጣትም በጧት ወይም በማታ እንዲሆንለት ቢያደርግ ትልቅ ሕክምና ነው።

ካንሰር የሚመስሉና ካንሰር የሚሆኑ ሌሎች

በደጋው የአማራ አካባቢ በልጆችና በወጣቶች ፊት ላይ ለወራት የሚቆይ ቁስል ሁሉ ካንሰር አይደለም። በብዙ ቦታ ቁንጭር የሚባለው በሽታ በጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ ሲሆን፣ ጥገኛ ተሕዋሲያኑ የሚኖሩት በሽኮኮ ላይ ነው፤ በገደልና በዋሻ አጠገብ ባሉ መንደሮች ይበዛል። ቁስሉ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ቀስ ብሎ ይሰፋል፣ ሲሽርም ፊትን የሚያበላሽ ጠባሳ ይተዋል። መድኃኒት አለው። ሥጋ ደዌም በፊት ላይ በሚወጣ፣ ሲነኩት ስሜት በሌለው ነጣ ወይም ቀላ ባለ ቦታ ሊጀምር ይችላል፤ እርሱም በጊዜ ከተገኘ የአካል ጉዳት ሳያደርስ ይድናል። ለካህኑ ወይም ለኮሚቴው ይህን ከዚያ መለየት ግዴታው አይደለም። ሦስቱም ወደ አንድ በር ይመራሉ፦ ከአንድ ወር በላይ ያልሻረ የፊት ቁስል ይመርመር።

በነጩ የዓይን ክፍል ላይ የሚበቅል ሥጋም አይዘንጋ። በምሥራቅ አፍሪካ ወጣት ጎልማሶችን ከሚይዙ የፊት አካባቢ ካንሰሮች አንዱ በዚሁ ቦታ የሚጀምር ሲሆን ከፀሐይና ከኤች አይ ቪ ጋር ይያያዛል። በልጅነት እሳት የበላው ጠባሳ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ገና ቆስሎ እምቢ ካለም ምርመራ ያስፈልገዋል።

የካህኑ ዓይን

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ ቆዳን እንዲመለከት የታዘዘበትን ሥርዓት ካህናት ያውቁታል። ካህኑ ጠጉሩን፣ ጥልቀቱንና ቀለሙን ያያል፤ ወዲያው አይፈርድም፤ ሰባት ቀን ቆይቶ ዳግመኛ ያያል፣ ሰፋ ወይስ ባለበት ቆመ ብሎ ያመዛዝናል። በዚያ ዘመን የተባለው ለምጽ ዛሬ ከምንናገርለት በሽታ ጋር አንድ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ የማየቱና የማነጻጸሩ ሥርዓት ግን ዛሬ የቆዳ ሐኪም ከሚያደርገው ብዙ አይርቅም።

ለዚህ የሚሆን ጊዜ በዓመታችን ውስጥ አለ። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የምእመናንን እግር ሲያጥብ ውስጥ እግርንና ጥፍርን በቅርብ ያያል። በምሥራቅ ጎጃም የእግር እብጠት ስላለ እግር በሳሙና የማጠብ ትምህርት በየአጥቢያው ሊሰጥ ይገባል፤ በዚያው ትምህርት ጥቁር ነጥብንና ያልሻረ ቁስልን መመልከት ቢጨመር ተጨማሪ ወጪ የለውም። የንስሐ አባትም ለጸበል ጸዲቅ ሲገባ የቤቱን ሰው ሁሉ ፊት ያያል። ያየውን በአደባባይ እንዳይናገር፣ ሰውየውን ለብቻው እንዲመክር አደራ እንላለን።

ብዙ ሕመምተኛ አስቀድሞ ወደ ጠበል ይሄዳል። ጠበሉ ከሕክምና አይከለክልም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረው ብዙ ነፍስ ተርፏል፤ ለካንሰርም ነገሩ ያው ነው። ጎጂው ቁስሉን በጋለ ብረት መተኮስና የሚያቃጥል ቅጠል መለጠፍ ነው፤ ቁስሉን ያሰፋል፣ መልኩንም ስለሚለውጥ ሐኪሙን ያሳስታል። «ብረት ከነካው ይብሳል» የሚለውም አነጋገር የመጣው ዘግይተው የተቀደዱትን በማየት ይመስለናል፤ ያን ሕመምተኛ የጎዳው መዘግየቱ ነው።

መንገዱ ከጤና ኬላ ወይም ከጤና ጣቢያ ይጀምርና ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ይቀጥላል፤ በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ደረጃውን ጠብቆ፣ የሪፈር ወረቀት ይዞ ካልሄደ መድኑ ላይሸፍንለት ይችላል። አንድ ነገር ግን በብርቱ እናሳስባለን፦ የተቆረጠ ሥጋ ሁሉ ለፓቶሎጂ ምርመራ መላክ አለበት። እብጠቱ ተቆርጦ ከተጣለ ምን እንደነበረ፣ ጠርዙ ሙሉ በሙሉ መውጣቱንም የሚያውቅ አይኖርም፤ ከዓመት በኋላ ሲመለስ ነገሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሕመምተኛው ወይም አስታማሚው «ናሙናው ተልኳል ወይ? ውጤቱን መቼ እንውሰድ?» ብሎ መጠየቅ ያፍር ይሆናል፤ የኮሚቴው አባል አብሮ ሄዶ ይጠይቅ።

ኮሚቴው ካለው ጥቂት ገንዘብ ቢመድብ አስቀድሞ ለባርኔጣ፣ ቀጥሎ ለችግረኛው የመድን መዋጮና የመጓጓዣ ቢያደርገው፣ ለግድግዳ ጽሑፍ ከሚያወጣው ይሻላል። አልቢኒዝም ያለባቸው የአጥቢያው ልጆች ስንት እንደሆኑ በቤተ ሰባቸው ፈቃድ ይመዝገብ፤ በየስድስት ወሩ በጤና ጣቢያ እንዲታዩ ይደረግ። ዓለም አቀፉ የአልቢኒዝም ቀን የሚውለው ሰኔ 6 ቀን ስለሆነ አንዱ ዙር በዚያ ሳምንት ቢሆን ለማስታወስ ይመቻል። መንገድ በተዘጋ ወይም ጉዞ በዘገየ ጊዜ የቁስሉን ሥዕል በሰውየው ፈቃድ በስልክ ማንሣት ይጠቅማል፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ይቀመጥ፣ በወሩም በዚያው ብርሃን እንደ ገና ይነሣ።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚላከው ማስታወሻ አጭር ቢሆን ይበቃል፤ የሰውየው ስምና ዕድሜ፣ ቁስሉ ያለበት ቦታ፣ መጀመሪያ የታየበት ወር፣ ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ነገር፣ የተደረገለት ነገር ካለም (ተተኩሶ፣ ቅጠል ተደርጎለት፣ ተቆርጦ እንደሆነ) ይጻፍበት። ግልባጩ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ሰውየው ከሄደበት ሲመለስም የምርመራው ውጤት በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።